ዚዳን ዛሬ ስንት ያወጣ ነበር?

ክረምት ሲገባ ቱሉ ዲምቱ ላይ ጭቃውና የዝውውር ወሬው እኩል ይጀምራሉ። የአውሮፓ ሊጎች ለዕረፍት ስለሚዘጉ በኮንዶሚኒየሙ ምድር ላይ ያሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች የሚያሳዩት ጨዋታ ያጥራቸዋል፤ ደንበኛው ግን ወንበሩን አይለቅም። እኔ የማዘወትረው ቤት ባለቤት በሌላው ጊዜ የጨዋታ ሰዓት የሚጽፍበትን ጥቁር ሰሌዳ ከሐምሌ ጀምሮ ለዝውውር ያውለዋል። የተጫዋቹን ስም፣ የሸጠውንና የገዛውን ክለብ፣ ከጎኑም ገንዘቡን በጠመኔ ይጽፋል፤ ዋጋው ሲጨምር ቁጥሩን ብቻ በመዳፉ አብሶ ሌላ ይተካበታል። ነሐሴ ሲጋመስ በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር የቀደሙት ቁጥሮች በደብዛዛው ይነበባሉ።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሰሌዳው ላይ «ኢሳክ፣ ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል፣ 125 ሚሊዮን ፓውንድ» ተብሎ ተጻፈ። ወላጆቹ ኤርትራውያን በመሆናቸው እዚህ ሰፈር አሌክሳንደር ኢሳክ እንደ ዘመድ ነው የሚታየው፤ እንደዚያም ሆኖ ዋጋው ቤቱን ለሁለት ከፈለው። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ለእሱ ይህን ያህል ከተከፈለ ዚዳን ዛሬ ስንት ያወጣ ነበር?» ሲል ጠየቀ። ጥግ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ጎረቤቴ ቀና ብለው «በየትኛው ብር፣ ልጄ?» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

እኔም ጥያቄውን የምሬን ልይዘው እወዳለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የዝውውር ዋጋ ስለ ተጫዋቹ ችሎታ የሚነግረን ጥቂት ሲሆን፣ ስለ ገዢው ኪስ፣ ስለ ውሉ ቀሪ ዕድሜና ስለ ዘመኑ ሕግ የሚነግረን ግን ብዙ ነው። የተለያዩ ዘመናት ተጫዋቾችን በዋጋቸው ማወዳደር የሚቻለው ይህንን ሁሉ ከቁጥሩ ላይ ከቀነስን በኋላ ነው፤ ከቀነስን በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚተርፈን ነገር የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ብዬ ከለየኋቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የጎረቤቴን ነገር ልያዝ። ኔይማር በነሐሴ 2017 ከባርሴሎና ወደ ፓሪ ሰን ዠርመን ሲዛወር የተከፈለው 222 ሚሊዮን ዩሮ በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ከ6 ቢሊዮን ብር ጥቂት ከፍ ይል ነበር። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው 222 ሚሊዮን ዩሮ ከ30 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ኔይማር አንድም ተጨማሪ ጎል ሳያገባ በእኛ ገንዘብ ከአምስት እጥፍ በላይ «ተወዷል» ማለት ነው። በየዲኤስቲቪ ቤቱ ወደ ብር እየተመነዘረ የሚወራው ዋጋ ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት፤ የዛሬ አሥር ዓመቱንና የዛሬውን በብር የሚያወዳድር ሰው የሚለካው ኳሱን ሳይሆን የብርን አቅም ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ጋዜጦች የሚወዱት መንገድ የድሮውን ዋጋ በሸቀጥ ዋጋ ንረት ማባዛት ነው። በ1905 ሰንደርላንድ አልፍ ኮመን የተባለውን አጥቂ ለሚድልስብሮ በ1 ሺህ ፓውንድ ሲሸጠው፣ በአራት አኃዝ የተሸጠ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ፤ በሰው መነገድ ነው ብለው የተቆጡም ነበሩ። ሚድልስብሮ ከሊጉ ላለመውረድ ሲል ነበር የገዛው፤ ኮመንም በመጀመሪያ ጨዋታው በሼፊልድ ዩናይትድ ላይ ያስቆጠረው ፍጹም ቅጣት ምት ክለቡን ከሜዳው ውጭ ለረጅም ጊዜ ካጣው ድል ጋር አገናኘው። ያን 1 ሺህ ፓውንድ በእንግሊዝ የዋጋ ንረት ብናሰላው ዛሬ ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ፓውንድ ቢደርስ ነው። በዚህ ገንዘብ ዛሬ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ደመወዝ እንኳ ለብዙ ጊዜ አይከፈልም። በዓለም ተወዳዳሪ ያልነበረው ዋጋ በዚህ ስሌት መና ይቀራል፤ ስለዚህ ስሌቱ አንድ ነገር ጎድሎታል።

የጎደለውን ለማየት እኛ ሰፈር ብቻ ማየት ይበቃል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ያለው መሬት ከሃያ ዓመት በፊት ጤፍ የሚዘራበት ነበር፤ የፍጥነት መንገዱ ከዚህ ተነሥቶ ወደ አዳማ ከተዘረጋና ኮንዶሚኒየሙ ከቆመ በኋላ የካሬው ዋጋ ከጤፉም ከዘይቱም ዋጋ ጋር ጨርሶ በማይገናኝ ፍጥነት ሄደ። አፈሩ አልተሻሻለም፤ ገንዘብ የያዘው ገዢ በዛ እንጂ። የተጫዋች ዋጋም የሚከተለው የዳቦን ዋጋ ሳይሆን የገዢዎቹን ገቢ ነው።

ገቢው ደግሞ ያበጠው በቴሌቪዥን ነው። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ሲመሠረት የአምስት ዓመቱ የስርጭት ውል 304 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሆነ ተነገረ፤ ከ2016 እስከ 2019 ላሉት ሦስት የውድድር ዘመናት የብሪታንያ የስርጭት መብት ብቻውን 5.136 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በዓመት ሲካፈል ከ61 ሚሊዮን ወደ 1.7 ቢሊዮን ማለት ነው፤ ሃያ ስምንት እጥፍ። በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ የሸቀጦች ዋጋ እጥፍ እንኳ አልሞላም። በዚህ መካከል የቆመን ተጫዋች በዳቦ ዋጋ መለካት ፋይዳ የለውም።

ጎረቤቴ እንደ ልማዳቸው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው የሲጋራ ፓኮ ገልብጠው የሠሩት ስሌት በጣም ቀላል ነው። ዋጋውን ገዢው ክለብ ተጫዋቹን በገዛበት ጊዜ አካባቢ በነበረ አንድ የውድድር ዘመን ካስገባው ጠቅላላ ገቢ ጋር ማካፈል ነው። ቁጥሮቹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ማካፈሉ የእሳቸው ነው። ውጤቱ ቤቱን ዝም አሰኘው፤ እኔንም ከዚያ ወዲህ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በጥርጣሬ እንዳይ አድርጎኛል።

ሪያል ማድሪድ በ2001 ዚነዲን ዚዳንን ከጁቬንቱስ ሲገዛ የከፈለው 77.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ክለቡ በ2000/01 ያስገባው ገቢ 138 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ስለዚህ አንድ የ29 ዓመት አማካይ የክለቡን የዓመት ገቢ 56 በመቶ ወሰደ። ክለቡ ይህንን ሊያደርግ የቻለው ያን ሰሞን በከተማው ውስጥ የነበረውን የልምምድ ሥፍራ መሬት በብዙ መቶ ሚሊዮን ዩሮ ሸጦ ከዕዳው በመውጣቱ ነው (መሬት እዚህም ገባ)። ከስምንት ዓመት በኋላ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ94 ሚሊዮን ዩሮ ሲገባ ዓለም ጉድ አለ፤ ነገር ግን የክለቡ ገቢ 407 ሚሊዮን ደርሶ ስለነበር ሮናልዶ የወሰደው 23 በመቶ ብቻ ነው። ጋሬዝ ቤል በ2013 በ100 ሚሊዮን ዩሮ ሲመጣ 19 በመቶ፣ ጁድ ቤሊንግሃም በ2023 በ103 ሚሊዮን ሲመጣ 12 በመቶ ገደማ። በሰሌዳ ላይ ዋጋው እየወጣ ሲሄድ፣ በክለቡ ኪስ ውስጥ እየወረደ ሄዷል።

እንግዲህ የባጃጅ ሾፌሩ ጥያቄ በአንድ በኩል መልስ አለው። ሪያል ማድሪድ በ2023/24 ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ገቢ በማስመዝገብ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ክለብ ሆነ። ያኔ ለዚዳን የደፈረውን ያህል ዛሬ ቢደፍር የሚከፍለው 580 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይሆናል። ኔይማር በዚሁ ሚዛን ይከተለዋል፤ ፓሪ ሰን ዠርመን በ2016/17 ያስገባው 486 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ስለነበር ዋጋው 46 በመቶ ይሆናል። በጥሬ ቁጥር ለዓመታት ማንም ያልደረሰበት ዝውውር፣ በድፍረት ሲለካ ከዚዳን በታች ነው።

አለን ሺረርን ሳላነሣ ባልፍ የሰፈሩ የኒውካስል ደጋፊ (አንድ ነው፤ ጠንካራ ነው) ይቀየመኛል። ሺረር በ1996 ከብላክበርን ወደ ትውልድ ከተማው ክለብ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገባ የዓለም ሪከርድ ነበር። በዚያው 1996/97 የኒውካስል ገቢ 41 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ስለነበር ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ለኢሳክ 125 ሚሊዮን የከፈለው ሊቨርፑል ግን በ2023/24 614 ሚሊዮን ፓውንድ አስገብቷል፤ የኢሳክ ድርሻ አንድ አምስተኛ ነው። ሁለቱም የእንግሊዝን ሪከርድ የሰበሩ አጥቂዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ኒውካስል ገዛው፣ ሁለተኛውን ኒውካስል ሸጠው። ሺረር ለክለቡ 206 ጎል ካገባ በኋላ እዚያው ጫማውን ሰቀለ። ከሁለቱ ማን ይበልጣል ለሚለው ዋጋው ምንም አይመልስም፤ የኒውካስል ከተማ በ1996 ምን ያህል ጓጉታ እንደነበር ግን ይመልሳል።

ይህ ሚዛን እንከን የለበትም አልልም። ገቢ የሌለው ነገር ግን ባለጸጋ ባለቤት ያለው ክለብ ሲገዛ ድርሻው ሰማይ ይነካል፤ የፓሪሱ ክለብ ከ2011 ጀምሮ የኳታር መንግሥት ገንዘብ ከኋላው ስላለ ለእሱ 46 በመቶ ማለት ሪያል ማድሪድ ከዕዳው ተላቆ ከደፈረው 56 በመቶ ጋር አንድ ዓይነት ጭንቀት አይደለም። ደግሞም ክለቦች የዝውውርን ዋጋ በመዝገባቸው ላይ በአንድ ጊዜ አይጥሉትም፤ በውሉ ዓመታት ያካፍሉታል። ቼልሲ ከ2022 ወዲህ ተጫዋቾችን በሰባትና በስምንት ዓመት ውል ያስፈረመው የዓመቱ ወጪ እንዲያንስለት ሲሆን፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ይህን አይቶ በ2023 ማካፈያውን በአምስት ዓመት ገድቦታል። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው «ይህማ የእኛ ሙያ ነው» ብለው ተደሰቱ።

እስካሁን ያወራሁት ዋጋ ስለተጻፈላቸው ሰዎች ነው። ከፍ ያለው ችግር ያለው ዋጋ በሌላቸው ዘንድ ነው። ፔሌ በዕድሜው አፍላ ከሳንቶስ ወደ አውሮፓ አልተሸጠም። ፑሽካሽ የሃንጋሪው የ1956 አመፅ ከአገሩ ውጭ አስቀርቶት፣ ታግዶም ቆይቶ በ1958 ማድሪድ ሲደርስ በዕድሜና በክብደት የተጠረጠረ ሰው ነበር። ማልዲኒና ቶቲ ከተወለዱበት ከተማ ክለብ አልወጡም። ሜሲ ባርሴሎናን በ2021 የለቀቀው በነጻ ነው። በአንጻሩ በዓለም ሪከርድ ዝርዝር ውስጥ ጁሴፔ ሳቮልዲን፣ ጃንሉዊጂ ሌንቲኒንና ዴኒልሰንን እናገኛለን። ሳቮልዲ በ1975 ከቦሎኛ ወደ ናፖሊ ሲሄድ ጣሊያኖች «ሚስተር ሁለት ቢሊዮን» አሉት፤ ክሩይፍ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ከተከፈለው ይበልጥ ነበር። ክሩይፍን የማያውቅ የኳስ ሰው እዚህ የለም፤ ሳቮልዲን የሚያውቅ ግን ቢፈለግም አይገኝም። በዋጋ ዝርዝር ታሪክ መጻፍ ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። በእንግሊዝ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው የትም መሄድ አይችልም ነበር፤ ደመወዙም በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ ጣሪያ ነበረው። ጣሪያው በ1961 ሲነሣ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ፤ በ1963 ደግሞ ጆርጅ ኢስተም ኒውካስልን ፍርድ ቤት አቁሞ የማገቻውን ሥርዓት አላላው። ስለዚህ በ1950ዎቹ የነበረ ዋጋ የሚገልጸው መውጫ የሌለውን ሰው ዋጋ ነው፤ ገንዘቡ ከክለብ ወደ ክለብ ይሄዳል፣ ሰውየው ግን ያችኑ ጣሪያ የተደረገባትን ደመወዙን ይቆጥራል። ታኅሣሥ 1995 ላይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለዣን ማርክ ቦስማን ሲፈርድ ሚዛኑ ወደ ሌላኛው ወገን ተገለበጠ፦ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ ይሄዳል፤ ገዢው ለክለቡ ሊከፍል የነበረውን ለተጫዋቹና ለወኪሉ ያወርደዋል። ሶል ካምቤል በ2001 ከቶተንሃም ወደ አርሴናል በነጻ ተሻገረ፤ ያ «ዜሮ» ያለ አንድ ሽንፈት ዋንጫ በወሰደው ቡድን ተከላካይ መሥመር ላይ ቆሟል። ኪሊያን ምባፔም በ2024 ሪያል ማድሪድ የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚጻፍ ባለቤቱ ቸግሮት ስሙን ጽፎ ጎኑን ባዶ ተወው።

ፖል ፖግባን ደግሞ ተመልከቱት። በ2012 ከማንችስተር ዩናይትድ ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ ለማሳደጊያው ጥቂት ማካካሻ ብቻ ነበር የተከፈለው፤ በ2016 ዩናይትድ ያንኑ ልጅ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ የዓለም ሪከርድ ሰብሮ መልሶ ገዛው፤ በ2022 ውሉ አልቆ ወደዚያው ጁቬንቱስ በነጻ ተመለሰ። በሁለት ክለቦች መካከል የተመላለሰ አንድ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የተራራቀ ዋጋ ካወጣ፣ ዋጋው የተጫዋቹ ብቻ ሊሆን እንዴት ይችላል? የሚለወጠው የውሉ ቀሪ ዓመትና የገዢው ጥድፊያ ነው።

የአርሴናል ደጋፊዎች በዚህ ሰፈር ብዙ ስለሆኑ ነገሩን በእነሱ ቋንቋ ብነግራቸው ይሻላል። ቲዬሪ ኦንሪ በ1999 ከጁቬንቱስ የመጣው በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ የተገኘውም ክለቡ በ500 ሺህ ፓውንድ የገዛውን ኒኮላ አኔልካን ለሪያል ማድሪድ በ22 ሚሊዮን በመሸጡ ነው። ኒኮላ ፔፔ በ2019 በ72 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፤ በ2023 ውሉ በስምምነት ተቋርጦ ሄደ። የሁለቱን ዋጋ በየዘመኑ ገቢ ብናካፍለው እንኳ ኦንሪ የሚበልጠው በእግሩ እንጂ በቁጥሩ አይደለም። ዋጋ ወደ ፊት የሚነገር ግምት ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ገና ላልተጫወተው ጨዋታ ነው። እኛ የምናወዳድረው ግን ያለፈውን ነው። የኖቲንግሃም ፎረስቱ አሠልጣኝ ብራያን ክላፍ ይህ ሳይገባው አልቀረም፤ ትሬቨር ፍራንሲስን በ1979 የመጀመሪያው የብሪታንያ ባለ ሚሊዮን ተጫዋች አድርጎ ሲያስፈርመው፣ ቁጥሩ በልጁ ጭንቅላት ላይ እንዳይወጣ ዋጋው 999,999 ፓውንድ ነው ይል ነበር። ልጁም በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ማልሞ ላይ ብቸኛዋን ጎል አገባ።

ወደ እኛው ሊግ ስንመጣ የጎረቤቴ ማካፈያ ከመጀመሪያው ይሰናከላል። እኛ ዘንድ «ዝውውር» ስንል ብዙ ጊዜ የምናወራው ውሉ ስላለቀ ተጫዋችና በእጁ ስለሚቀበለው የፊርማ ገንዘብ ነው፤ የለቀቀው ክለብ ባዶውን ይቀራል። ተካፋዩ ለሌላ ሰው ይሄዳል። አካፋዩም ያው ነው፦ ከብዙዎቹ ክለቦች ጀርባ ያለው የከተማ አስተዳደር፣ የክልል ወይም የድርጅት በጀት እንጂ ከትኬት፣ ከማልያና ከቴሌቪዥን የመጣ ገቢ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲደረግ፣ እንግሊዞች በ1961 የተዉትን ነገር በሌላ ምክንያት ጀመርነው፤ ከጣሪያው ውጭ በእጅ ይሰጣል የሚባለው ገንዘብ ወሬም ሳይውል ሳያድር ተከተለ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን መተመን ጨርሶ አይቻልም። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ቡድን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ሆነ መንግሥቱ ወርቁ፣ የገበያ ዋጋ የሚባል ነገር በስማቸው ጎን አልተጻፈም። ባለቤቱ አንድ ቀን መንግሥቱ ወርቁን ሰሌዳው ላይ ሊያሰፍር ፈልጎ ምን ልበል ብሎ ጠየቀን፤ ሁሉም የየራሱን ቢሊዮን ጠራ። የሂሳብ ሠራተኛው ብቻ «መነሻ ሳይኖር ምን ይባዛል?» ብለው ተቃወሙ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ስሌቱ በእኛ አገር የሚሠራበት ቦታ ቢኖር ወደ ውጭ የሚሸጥ ተጫዋች ላይ ነው። አቡበከር ናስር በ2022 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ውሉ ያላለቀ፣ ክለቡም ከደጋፊው የሚኖር ስለነበር ተካፋይም አካፋይም ነበረ። ቡና በዚያ ዓመት ምን ያህል አስገባ፣ ከዚያ ውስጥስ የአቡበከር ድርሻ ስንት ነበር የሚለውን ደጋፊው በይፋ ከታተመ የክለብ ሂሳብ ቢያነብ ኖሮ፣ ሌሎች ክለቦችም ታዳጊ አሳድጎ መሸጥ ያዋጣ እንደሆነና እንዳልሆነ በዚያ ልክ ሊያሰሉ ይችሉ ነበር። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች የዓመት ሂሳባቸውን ለሕዝብ እንዲያሳትሙ ቢገደዱ፣ ጎረቤቴ እስክሪብቷቸውን ይዘው የመጀመሪያው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ አልጠራጠርም።